የ«ሃንድሰም» መነሻ

ቃል ከአፍህ ሳይወጣ የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ የሚያስረክብህ ጎረቤት የሌለው ሕንጻ የለም። የልብስ ሰፊዋ ዕዳ ደግሞ ከላይዋ የሚኖሩት ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። «መነሻውን ታውቂያለሽ?» ሳይሉ ሰው ስለማያሳልፉ፣ ስማቸው ክቡር ጋሽ መነሻው ሆኖ ቀርቷል።

ኧረ ስንቱን ችላለች! ልጇ ወድቃ ክንዷ የተሰበረ ዕለት እንኳ ደረጃው ላይ አቁመው፣ «አምቡላንስ እኮ መነሻው መራመድ ነው» አሏት። «ለዚህ ነዋ የማይደርሰው!» ብላ ጮኸችባቸው። እሳቸው ግን «ግሩም!» ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

የዛሬው ግን ባሰ። ታላቅ ወንድሟ የታናሽ ልጇን እጮኛ ሊያይ ለዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ይዟል። የልጅቷ አባት ከሞቱ ወዲህ መርቆ የሚድራት እሱ ነው፤ ያረፈደ ሰው ደግሞ ዓይኑን ማየት አይፈልግም። የታላቂቱን እጮኛ አሥር ደቂቃ ስለዘገየ ብቻ ከበር መልሶት፣ ልጅቷ ዛሬም ያለ ትዳር አለች። ይህን ሕንጻው ሁሉ ያውቃል።

ዘጠኝ ሲሆን ልብስ ሰፊዋ ጓዳ ሆና የልጇን ቀሚስ ጫፍ ስትሰፋ፣ የወንድሟን ኮቴ ደረጃው ላይ ሰማች። ወዲያውም ያንን ድምፅ።

«ልጁ ሃንድሰም ነው አሉ። የቃሉን መነሻ ያውቃሉ?»

«ኧረ ቸኩያለሁ ጌታዬ!»

«‹ሃንድ› እጅ ነው፤ ‹ሰም› ከኋላ የሚለጠፍ ቅጥያ። ድሮ ሃንድሰም የሚባለው መልከ መልካም ሳይሆን ለእጅ የሚመች ነገር ነበር! ይምጡ፣ መዝገበ ቃላቱን ላሳይዎት።»

የሁለት ሰው ኮቴ በሯን አልፎ ወደ ላይ ወጣ። ደሟ ፈላ። «በልጄ ቀን! ምን በድያቸው ነው እኚህ ሰውዬ?» መርፌዋን ወርውራ ልትከተል ስትል፣ ልጇ የጓዳው በር ላይ ቆማ «ተይ እማዬ፣ በናትሽ ተይ» እያለች አላሳልፍ አለቻት።

ወንድሟ ላቡን እየጠረገ የገባው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ሳሎን የተቀመጠው እጮኛ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ሰውየው ሰዓቱን አየና፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «ይቅርታ ልጄ፣ አስጠበቅሁህ» አለ። ከዚያ ወዲያ በምን አፉ ይመርምር? መረቀ።

የልብስ ሰፊዋ ንዴት ግን አልበረደም። ሽቅብ በረረች።

«እርስዎ ምን ዓይነት ሰው ነዎት?»

ጋሽ መነሻው ወንበራቸው ላይ ኩምትር ብለዋል። «ዘጠኝ ሲሆን በመስኮት መንገዱን ሳይ ልጁ የለም። እየሮጠ የደረሰው ወንድምሽ ሊወርድ ሲል ነው። ምን ላድርግ? የማውቀው በአምስት ደቂቃ አለቀ። የቀረውን ከራሴ ፈጠርኩት።» አንገታቸውን ደፉ። «አርባ ዓመት ሳስተምር በአንድ ቃል መነሻ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ኮታቸውን ከመስቀያው አንሥታ ጭናቸው ላይ ወረወረችው።

«ይልበሱ!» ብላ ጮኸች። «ከአማቼ ጎን ነው የሚቀመጡት!»