ግንቡ ዜና ያነበበ ዕለት

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋዜጣ እንደያዝኩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝና፣ በሕልሜ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሼ ሰልፍ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ቀሚሱ ሰማያዊ ነበር፤ ለሰባ አራት ዓመት ሴት ትንሽ ያጥራል። ማንም ግን አልታዘበኝም፤ ከፊቴም ከኋላዬም የቆሙት ሁሉ እንደኔው ዩኒፎርም የለበሱ ወላጆች ነበሩ። ተማሪዎቹ በመካከላችን እየተዘዋወሩ ጥፍራችንን ይመለከቱ ነበር። የልጅ ልጄ ኤፍራታ እኔ ጋ ስትደርስ ጣቶቼን አገላብጣ አየችና፣ «እማማ፣ ይህን ጥፍር ነገ እንዳላየው» ብላ አለፈች።

ቦታው ኤፍራታ አሥረኛ ክፍል የምትማርበት፣ ዳገቱ ላይ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። እናቷ ሥራዋ ሌላ ከተማ ስለሆነ ልጅቷ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ የወላጅ ስብሰባ ሁሉ የሚጠራውም እኔን ነው። ግቢውን በሚገባ አውቀዋለሁ። በሕልሜም ሁሉም እንደነበረ ነበር፤ ሰንደቁ፣ ባሕር ዛፎቹ፣ የውኃ ቧንቧዎቹ፣ ከቧንቧዎቹ ጀርባ ደግሞ ያ የድንጋይ ግንብ።

ስለ ግንቡ ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ሕልም አይደለምና። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሆዱ ተነፍቶ ወደ ቧንቧዎቹ ዘሟል። በዕረፍት ሰዓት መቶ ልጅ ከሥሩ ተሰልፎ ውኃ ይጠጣል። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ጽፌ በአስተያየት መስጫው ሣጥን ከትቻለሁ፤ የሣጥኑ ቁልፍ ዝጎ ስለማይከፈት ሦስቱም ወረቀቶች እስከ ዛሬ እዚያው ተኝተዋል። በጎልማሳነቴ የፒሳን ዘማማ ግንብ ልጎበኝ ሄጄ፣ ያሰጋል ተብሎ ለጎብኚ ስለተዘጋ ከሩቅ አይቼው ተመልሻለሁ። ያን ጊዜ በሰዎቹ ተናድጄ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

በሕልሜ ግንቡ ይናገር ነበር። የተማሪዎቹን የሚኒ ሚዲያ ማይክራፎን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዜና አነበበ።

«እንደምን አደራችሁ። በዛሬው ዕለት አራት ጣት ዘምሜያለሁ። ትናንት ሦስት ነበር። ከወገቤ ሁለት ድንጋይ ላልቷል፤ ከእግሬ ሥር አፈሩ ሸሽቷል። ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ።»

አጨበጨብን። ከዚያ ግቢ ይህን የመሰለ ግልጽ መግለጫ ሰምተን አናውቅም። እጄን አወጣሁ።

«መቼ ነው የምትወድቀው?»

«ቀን አልቆረጥኩም፣ እሜቴ» አለ በትሕትና። «ብቻዬን መውደቅ ግን አይሆንልኝም። ሰው ሲሰበሰብ ነው።»

ተጨማሪ ልጠይቅ ስል ደወል ተደወለና ክፍል ገባን። ዴስኮቹ ጠባብ ስለነበሩ ጉልበታችን አገጫችን ሥር ደረሰ። በመምህሩ ወንበር ላይ የአስተያየት መስጫው ሣጥን ተቀምጦ ነበር፤ ቁልፉ እንደ ሜዳልያ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የወላጆች አስተያየት» አለ ሣጥኑ፣ ወረቀት በምንከትበት ቀዳዳ። «ቃል በቃል ጻፉ። ስለ ልጆቻችን ደኅንነት በጣም ረክተናል። አራት ነጥብ።»

ክፍሉ በሙሉ አጎንብሶ ጻፈ። እኔ፣ «ግንቡ ዘሟል፤ ልጆቹን ከሥሩ አርቁ» ብዬ ጻፍኩ።

ሣጥኑ ደብተሬን አይቶ፣ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ዓይኔ።»

«ዓይን በዚህ ዓመት ትምህርት ውስጥ አልተካተተም። ተንበርከኪ።»

ተንበረከክሁ። በሦስት አህጉር ሠርቻለሁ፣ በሁለት ዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ፤ ባዕድ አገር ያላንበረከከኝን እኔን በገዛ ሰፈሬ ሣጥን አንበረከከኝ። ንዴቱ ከጉልበቴ ሕመም የባሰ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው የታክሲ ተራ አስከባሪው መኳንንት፣ ልጁ ከኤፍራታ ጋር የሚማረው፣ ከዴስኩ ሥር ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ።

«እማማ፣ ረክተናል ይበሉና ይነሡ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው።»

«አንተ ረክተሃል?»

«እኔማ ከሰኔ ጀምሮ ረክቻለሁ። መጀመሪያ ያስቸግራል እንጂ ኋላ ይለመዳል።»

«ልጅህስ የት ነው ውኃ የሚጠጣው?»

መኳንንት እርሳሱን ይቀርጽ ጀመር።

ወዲያው ክፍሉ ጠፋና ሁላችንም ሜዳ ላይ ሆንን። ኤፍራታ መድረክ ላይ ቆማለች። ከፊቷ ርእሰ መምህሩ አቶ ደምሰው ሸሚዛቸው ከሱሪያቸው ወጥቶ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ግንቡ መዝመሙን ታውቅ ነበር?» አለቻቸው።

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«ለምን ለወላጆች አልተናገርክም?»

«እንዳይደናገጡ ብዬ ነው።»

«መልካም። ወላጅ አምጣ።»

አቶ ደምሰው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በትምህርት ቤቶቻችን ከዚህ የሚከብድ ቃል የለም፤ ልጅ ሁሉ ወላጅ አምጣ ከሚባል አርባ ጅራፍ ይመርጣል። ስለዚህም ልጆቹ ከመንገድ ላይ ሰው ለምነው አጎቴ ነው ብለው ያቀርባሉ። አቶ ደምሰውም ያንኑ አደረጉ፤ ከበሩ ወጥተው አንድ ሎተሪ አዟሪ ይዘው ተመለሱ።

«አጎቴ ናቸው» አሉ።

«ይህ ሰው ስሙ ማን ነው?» ብላ ኤፍራታ አዟሪውን ጠየቀችው።

«የቱ ሰው?» አለ አዟሪው።

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ግንቡም ሳቀ፤ በሳቁ አንድ ድንጋይ አመለጠውና ከቧንቧው አጠገብ አረፈ። ሳቃችን ቀጥ አለ።

ያን ጊዜ ትክክለኛዋ ወላጅ መጡ። የአቶ ደምሰው እናት፣ እትዬ ይመኙሻል፣ ቁመታቸው ከያዙት ጃንጥላ እምብዛም አይበልጥም። ማንንም ሰላም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ልጃቸው ሄዱ።

«ደምሰው፣ እነዚህ ልጆች ውኃ የሚጠጡት የት ነው?»

«ከግንቡ ሥር፣ እማዬ።»

«አንተስ?»

«ቢሮዬ። የታሸገ።»

«እና እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁህ?»

ጆሯቸውን ይዘው እየጎተቱ ወደ ቧንቧዎቹ ወሰዷቸው። «እንግዲህ ጎንበስ በልና ጠጣ» አሉ። ርእሰ መምህሩ ጎንበስ አሉ። ይህንን ለማየት ወላጁ ሁሉ እየተጋፋ ወደ ግንቡ ተጠጋ፤ መኳንንት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ከፊት ነበር። ኤፍራታም ከመድረኩ ወርዳ ወደዚያው ሄደች። ግንቡ ቀና ብሎ በዓይኑ ይቆጥረን ጀመር። አትሰብሰቡ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን «በጣም ረክተናል» የሚል ነበር። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ወጣ።

«አሁን ሞላ» አለ ግንቡ።

ባንኜ ነቃሁ። ጋዜጣው ከእግሬ ሥር ወድቋል። ኤፍራታ ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማለች፤ በእጇ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዛለች።

«እማማ፣ ወላጅ አምጪ ተብያለሁ።»

«ምን አጥፍተሽ?»

«በዕረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ግንቡ ዘሟልና ከሥሩ አትቁሙ ብዬ አነበብኩ። ሁለት ጊዜ እንኳ ሳልደግመው አቶ ደምሰው መጥተው ገመዱን ነቀሉት።»

«ከሥሩ የቆመ ልጅ ፈቀቅ አለ?»

«ጥቂቶች ፈቀቅ አሉ። ሲነቅሉት ተመለሱ።»

መነጽሬን ፈልጌ ደብዳቤውን አነበብኩ። ተማሪ ኤፍራታ ያልተረጋገጠ ወሬ በማሠራጨቷ ወላጅ ይዛ እስክትቀርብ ድረስ ክፍል እንዳትገባ ይላል። ከዚህ በታች ለወላጆች በሙሉ የተላለፈ ጥሪ አለ፤ በትምህርት ቤቱ ደኅንነት ላይ የወላጆች አስተያየት ስለሚሰበሰብ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሁሉም እንዲገኝ ያሳስባል። ቦታውን የሚገልጸው የመጨረሻው መስመር ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አሁንም የተኛሁ መስሎኝ ኤፍራታን ጮክ ብላ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት።

«የአዳራሹ ጣሪያ ለወላጆች ደኅንነት አስጊ ሆኖ ስለተገኘ» ብላ አነበበች፣ «ስብሰባው የሚካሄደው ከውኃ ቧንቧዎቹ አጠገብ፣ በግንቡ ጥላ ሥር ይሆናል።»