የጓዳው ልጅ እንደራሴ

ሰፈር ያለ ሐኪም ይኖራል፤ ያለ ፖሊስም ይኖራል። የማይታዩትን መናፍስት ወክሎ የሚናገር ሰው የሌለው ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የእኛ ተወካይ ቶኩ-ሳን ናቸው። ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ነፋስ የሚወስዳቸው የሚመስሉ ደቃቃ አሮጊት ናቸው፤ በወንዙ፣ በጫካውና በየሰዉ ጓዳ ላይ ግን ሙሉ ሥልጣን አላቸው። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም። የፈለጉትን ይናገሩና ሲያበቁ “እኔ አላልኩም፤ እነሱ ናቸው ያሉት” ይላሉ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም፤ ከማን ጋር ይከራከሩታል?

የዓመቱ የመጀመሪያ ኪያር ለወንዙ ካፓ እንደሚጣል በመንደራችን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ካፓ አናቱ ላይ ውሃ የቋጠረ፣ የዋናተኛ እግር ይዞ የሚጎትት ፍጡር ነው፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ጎረቤት ጋር በአንድ ኪያር መታረቅ ደግሞ ርካሽ ነው። ቶኩ-ሳን ግን አንድ ቀን ሚስቴ ለቅማ ያስቀመጠችውን ቅርጫት ሙሉ ኪያር አንሥተው ወንዝ ውስጥ ገለበጡት። ምነው ብላቸው፣ ያለፈው ዓመቱ መራራ ስለነበር ካፓው ቂም ይዟል አሉኝ።

ሌላ ጊዜ የቤተ መቅደሱን መነኩሴ ጃንጥላ ከእጃቸው ቀምተው እሳት ውስጥ ማገዱት። ዕቃ መቶ ዓመት ሲሞላው ነፍስ ይዘራል ይባላል፤ በቶኩ-ሳን ስሌት ጃንጥላው በዚያው ሳምንት ዓይን አብቅሎ በአንድ እግሩ ሊዘል ነበር። ውጭ ዝናቡ ዶፍ ነው። መነኩሴው እጅ ነሥተው አመሰገኑ፤ ከድንጋጤ ይመስለኛል።

የአጎቴን ልጅ ሊያጭ ስለመጣው ሰው ባልናገር ደስ ባለኝ። የተከበሩት እንደራሴያችን በሽማግሌዎች ፊት ሰው መስሎ የመጣ ቀበሮ መሆኑን ጠርጥረው፣ “እስቲ ዞር በል፤ ጅራትህን ልየው” አሉት። ይህን ማለታቸው አልገረመኝም። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ሰውዬው መዞሩ ነው።

ይህ ሁሉ ግን እናቴ ከሞተች በኋላ ካደረጉት ጋር ሲነጻጸር ጨዋታ ነበር።

እናቴን በጸደይ ቀበርናት። አባቴ ሄይዞ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ አለ። ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ ሳህን ሲቀርብለት “ለእኔ አትድከሙ፤ በልቻለሁ” ብሎ ይመልሰዋል። ሚስቴ ያልሠራችው ወጥ፣ ያልጠበሰችው ዓሣ የለም። ከከተማ ያመጣነው ሐኪም ደግሞ ገላውን መርምሮ ምንም በሽታ አላገኘበትም። ልብሱ ከትከሻው ላይ እየወረደ ሄደ። ሩዙ ሳይታጨድ ከእናቴ ጎን እንዳልቀብረው ፈራሁ፤ ማታ ማታ ከሚስቴ ጋር የምናወራው ይህንኑ ብቻ ሆነ።

በዚህ መሀል ቶኩ-ሳን እንደ ልማዳቸው ሳይጣሩ ገቡ። የተከደነ ጎድጓዳ ሳህን ይዘዋል፤ ውስጡ ቀይ አደንጓሬ የገባበት ትኩስ ሩዝ ነው። በአባቴ አጠገብ ሲያልፉ ሰላም እንኳ አላሉትም። ሳህኑን የጓዳው ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ተንሸራታቹን በር ዘጉና ወደ እኛ ዞሩ።

“የጓዳችሁ ልጅ ሊሄድ ዕቃውን እየሸከፈ ነው” አሉ።

ክው አልኩ። የጓዳው ልጅ የሚባለው የማይታይ መንፈስ ያለበት ቤት ይሞላል፤ ጥሎት የሄደው ቤት ይራቆታል። ይህን እያወቁ ሐዘን በተቀመጠ ሰው ፊት እንዲህ ይባላል? እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም።

“ሄይዞ፣ የቤቱ ታላቅ አንተ ነህ። ቀን ቀን በሩን ጠብቅ፤ ሌላ ሰው ዝር እንዳይል። እኔ አላልኩም፤ እነሱ ናቸው ያሉት።”

አባቴ ተነሥቶ ከጓዳው በር ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ቶኩ-ሳን በየቀኑ ሙሉ ሳህን ያመጣሉ፣ ባዶውን ይወስዳሉ። ሚስቴ የሚበላው አይጥ ነው አለች። እኔ ንዴት አንገበገበኝ፤ አባቴ በረሃብ እያለቀ ለማይታይ ልጅ ምሳ ይመላለሳል።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከማሳ ተመለስኩ። ሳህኑን ወስጄ ቶኩ-ሳን ፊት ላስቀምጥና ደግመው ደጄን እንዳይረግጡ ልነግራቸው ቆርጫለሁ። በሩ ሥር ጠባቂ የለም። ገፋ አደረግኩት።

አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ሳህኑን አቅፏል። ጉንጩ ሞልቷል፤ አንዲት አደንጓሬ አገጩ ላይ ተለጥፋለች።

“ልጁ ዛሬ አልመጣም” አለ፣ የጎረሰውን እንደምንም ውጦ። “ቀዝቅዞ ከሚበላሽ ብዬ ነው።”

“አባዬ...”

“እዚያ ማዕድ ስቀርብ የእናትህ ቦታ ያፈጥብኛል” አለ ዓይኑን ሳያነሣ። “እዚህ ማንም አያየኝም።”

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁለት። ወንዙን ተሻግሬ ስሄድ እንባዬ ይወርድ ነበር። ቶኩ-ሳን የነገውን አደንጓሬ እየለቀሙ አገኘኋቸው። ያየሁትን ሁሉ ስነግራቸው ቀና እንኳ አላሉም።

“የጓዳ ልጅ ሽበት የለውም ያለህ ማነው?” አሉኝ። “እኔ አላልኩም።”

ሩዙ ሲታጨድ አባቴ ወደ ማዕዱ ተመልሶ ነበር፤ ወጡ ቀጠነ ብሎ ሚስቴን እስከ መውቀስ ደረሰ።

በረዶው ሲጀምር ደግሞ ቶኩ-ሳን በሳል ታመው ተኙ። ሳሉ በረድ ቢልም ጎረቤት የወሰደላቸው ሾርባ ሁሉ ሳይነካ ይመለስ ጀመር። “ለእኔ አትድከሙ” ይላሉ አሉኝ። ያቺን ቃል ከአባቴ አፍ አውቃታለሁ። ኪያሬን የዘረፉኝን፣ ዘመዴን በእጮኛዋ ፊት ያዋረዱብኝን ሴት ላጣ ነው ብዬ እንዲህ መፍራቴ እኔኑ ራሴን አስደነገጠኝ።

አባቴ አደንጓሬውን ራሱ ቀቀለ። እኔ ሳልጣራ ገባሁ፣ በመኝታቸው አጠገብ ሰላም ሳልል አለፍኩ፣ ሳህኑን ጓዳቸው ውስጥ አስቀምጬ በሩን ዘጋሁ።

“ምን እያደረግህ ነው?” አሉኝ በደከመ ድምፅ። “እዚህ ቤት የጓዳ ልጅ ኖሮ አያውቅም።”

“አሁን ገብቷል” አልኳቸው። “እኔ አላልኩም፤ እነሱ ናቸው ያሉት።”

በዕድሜዬ ቶኩ-ሳን የሚመልሱት ሲያጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ስመለስ ሳህኑ ታጥቦ የጓዳው ደፍ ላይ ተደፍቷል። እሳቸው ብርድ ልብሳቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

“ልጁ ጨው አንሶታል ብሏል” አሉ። “እኔ አላልኩም።”