ሱሪ ባንገት

ዛሬ ሌሊት በሕልሜ ሴቷ ዶሮ ጮኸች። አውራው ጥግ ይዞ እንቁላል ታቅፏል። «ምን ሆንክ?» አልኩት። «ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ስድስት ቀን ቀርቶኛል» አለኝ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በሩ ላይ ወንዶች ተሰልፈዋል። ሁሉም እስከ አገጫቸው ተከናንበው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። በር ጠባቂዋ ረጅም ዘንግ የያዙ ሴትዮ ናቸው።

«አንተ! ማንቁርትህ ይታያል፣ ሸፍን!»

«ይቅርታ እትዬ፣ ነፋሱ ነው።»

«ነፋሱ አይደለም፣ አስተዳደግህ ነው። ስንቷ ጸሎት ላይ ናት! ያ ነገር ከፍ ዝቅ እያለ ልታሰናክላት ነው?»

አንድ ወጣት ሕፃን ታቅፎ ቀረበ። ክርስትና ሊያስነሳ እንደመጣ ነገራቸው።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ ነው።»

«ወንድማ ሰማንያ ቀን ነው። ያንተ ገና አርባው ነው፤ ተመለስ።»

«ለምን ሰማንያ ሆነ?»

«ለምን እንደሆነማ ማን ያውቃል? ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።»

ልጁን እያባበለ ተመለሰ። አዘንኩለት፤ ግን ዝም አልኩ። የዝምታ አመል በሕልምም አይለቅም። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩና «ጥሩወርቅ፣ እስክመለስ ያዥልኝ» ብለው ዘንጉን አስጨበጡኝ። ከዚያ መሰላል ደግፈው ወደ ደመናው ወጡ። በር ጠባቂ ሆንኩ።

ያን ጊዜ ልጄ ረድኤት ካሜራዋን አንጠልጥላ መጣች።

ረድኤት በእውኑም ፎቶ አንሺ ናት። ለዛሬ ጠዋት ያሰበችውን እንድታውቁት ከሕልሙ ትንሽ ልውጣ። ባለፈው ወር ጓደኛዋ ቤዛ የእናቷን ሞት ሥራ ላይ ሰማችና በለበሰችው ሱሪ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች። የደብሩ በር ጠባቂ በሱሪ አይገባም ብለው መለሷት። እናቷ ውስጥ ሲቀበሩ እሷ ከአጥር ውጭ ቆማ አለቀሰች። እኔ እዚያው ነበርኩ። ነጠላዬን አውልቄ ላገለድምላት አሰብኩ፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት። ረድኤት ግን አልተወችውም። ከሐበሻ ቀሚስ ጨርቅ ሦስት ሱሪ አሰፋች፤ ጥለቱ በጎን በኩል እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ። ቤዛንና ሁለት ጓደኞቿን አልብሳ እዚያው በር ላይ የፋሽን ፎቶ ላነሳ ነው አለች። «ይየን፣ ከዚያ ማፈር ያለበት ይፈር» አለች። እኔ ድንጋይ ሲወረወርባት፣ ካሜራው ሲከሰከስ፣ ስትታሰር፣ ባል አጥታ ስትቀር እያየሁ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በሕልሜ ግን ፎቶ የምታነሳው ወንዶቹን ነው። አንገታቸውን አስገልጣ ደረደረቻቸው። መሀላቸው የገዛ ባሌ ዘርጋው! ማንቁርቱን ለነፋስ ሰጥቶ ቆሟል።

«ዘርጋው፣ ምን ነካህ? የሦስት ልጆች አባት አይደለህም?»

«ጥሩዬ፣ የእናቴን ቀብር ከአጥር ውጭ ሆኜ ነው ያየሁት» አለኝ።

«ሴቶቹ ምን ይሉናል?»

«እነሱማ ብለው ጨርሰዋል።»

ረድኤት ዘንጉን አየችና «እማዬ፣ ታስገቢናለሽ ወይስ ትመልሺናለሽ?» አለች።

ምን ልበል ብዬ ዘወር ስል የደብሩ ሸንጎ ተቀምጧል። ሰባት ሴቶች ናቸው፤ ሰባቱም እኔ ነኝ። የእኔን ነጠላ ለብሰዋል፣ በእኔ ሳል ይስላሉ።

«ሰው ምን ይላል?» አለች አንዷ እኔ።

«እንዲህ ሆኖ ነገ ማን ያገባዋል?» አለች ሌላዋ።

«እኔ አግብቼዋለሁ እኮ» አልኩ።

«ስብሰባ አትረብሺ!» ሰባቱም ተቆጡኝ። ከዚያ መሀል ያለችው ተነሥታ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ወንድ ቢያውቅ በሴት ያልቅ! ሱሪውን ባንገቱ ያውልቅ!»

ዘርጋው ታዛዥ ነው። ቀበቶውን ፈታና ሱሪውን ወደ ላይ ይጎትት ጀመር። ሱሪው እንደ ሹራብ ተሳበ። የሱሪው ወገብ አገጩ ላይ ደረሰ፤ ሁለቱ የሱሪ እግሮች እንደ ጥንቸል ጆሮ ከራሱ በላይ ቆሙ። ይህን ሲያዩ ሌሎቹም ተከተሉት። ሜዳው በጆሮ ተሞላ። አሳፋሪ ይሆናል ስል፣ እንዴት ያምር ነበር!

«ከኋላ ያላችሁ፣ ጠጋ በሉ!» ትላለች ረድኤት እየሳቀች። «አባዬ፣ አትተንፍስ!»

«ጥሩዬ፣ ታፈንኩ!» አለ ዘርጋው ከሱሪው ውስጥ። «ቶሎ ወስኚ!»

«ግቡ» ልል አፌን ከፈትኩ። ድምፄ እምቢ አለ። እንደገና ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ዘርጋው ተንደፋደፈ። በመጨረሻ ጮህኩ፤ የገዛ ጩኸቴ ቀሰቀሰኝ።

ነግቷል። ዘርጋው አጠገቤ በሰላም ያንኮራፋል። የረድኤት አልጋ ባዶ ነው፤ ካሜራዋም የለም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሮጥኩ። ይሄኔ አልቆላታል፣ ይሄኔ ፈንክተዋታል እያልኩ ደረስኩ።

ልጆቹ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ቤዛ መሀል ናት። አምረዋል። መድኃኔዓለም ይቅር ይበለኝ፣ አምረዋል። አስቀዳሹ ከቦ ያያል፤ አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ ስልኩን አውጥቷል። በር ጠባቂው ጋሽ ደምስ ዱላቸውን አግድም ይዘዋል።

«ጋሽ ደምስ፣ በማርያም፣ ልጅነት ነው! አሁኑኑ ይዣት እሄዳለሁ» አልኩ።

ጋሽ ደምስ ፊቴን አላዩም። ወደ ታች ነው የሚያዩት።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ እርስዎም?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ለብርዱ ብዬ ለብሼው ያደርኩት የዘርጋው ቱታ ሱሪ ነው። ቀሚሴን ቤት ረስቼዋለሁ።

ቤዛ አየችኝና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«እማዬ፣ በናትሽ እንዳትንቀሳቀሺ!» አለች ረድኤት።

«ቶሎ በይ» አልኳት፣ «አባትሽ ሳይነቃ።»