የእንቅልፍ አጣሪው ቡድን

አንዲት እናት በቀን ሁለት ሰዓት መተኛት ይገባት እንደሆነ የሚያጣራ፣ አምስት አባላት ያሉት ከፍተኛ የባለሙያዎች ቡድን፣ በዕለተ ማክሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ሙሉ ትጥቁን ማለትም ሁለት ካርቶን ፎርም ይዞ በቤተሰብ ድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ መኪና መሰማራቱን የምናበስረው በታላቅ ኩራት ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይሉ የነበሩ አባቶቻችን አምስት ሲሆን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር! ስድስተኛውን ሰው ማንም አልቆጠረውም። ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ጋሽ ፍሬን የሚሉት ሾፌር ነው፤ ሾፌር ደግሞ ይነዳል እንጂ አያጣራም።

የእናትየው ጥያቄ አጭር ነበር። የሰባት ዓመት ልጇ አንገቷ አይጸናም፤ ምግብ ትን እንዳይላት አንድ ሰው ደግፎ ማጉረስ፣ ሌሊቱንም በየሰዓቱ ማገላበጥ አለበት። አባትየው «መጣሁ» ብሎ ከወጣ ዓመት ሞላው። ባለፈው ሳምንት ድስት እንደጣደች እንቅልፍ ጣላትና ቤቱ በጭስ ታፈነ፤ ጎረቤት ነው በር ሰብሮ ያወጣቸው። «በቀን ሁለት ሰዓት እንድተኛ ልጄን የሚይዝልኝ ሰው ስጡኝ» ብላ አመለከተች። ይህን የመሰለ ቀላል ጥያቄ ዘጠና አራት ጥያቄ ሳይጠይቁ መመለስ ነውር ነው።

ጋሽ ፍሬን ካርቶኖቹን ተሸክሞ ቡድኑን ተከትሎ እናትየው ቤት ገባ። ጥያቄ አሥራ አንድ ላይ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

«የመረጃውን ጥራት እያዛባች ስለሆነ ለጊዜው ለሌላ ሰው ይስጧት» አለ የቡድኑ መሪ።

«ለማን?» አለች እናት።

«እሱ ቁጥር ሰባ ሁለት ላይ ይመጣል። አይቸኩሉ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።»

«ወዲህ አምጫት፣ እህቴ» አለ ጋሽ ፍሬን።

የልጅቷን ራስ በክርኑ እጥፋት ላይ አሳርፎ፣ አገጯን በሁለት ጣቱ ደገፍ አድርጎ፣ እናቷ ያዘጋጀችላትን ለብ ያለ ሾርባ በግማሽ በግማሽ ማንኪያ ይሰጣት ጀመር። እስክትውጥ ይጠብቃል። ለቅሶው ቆመ። እናት ለአፍታ አየችው፤ ትከሻዋ ወረደ። ጥያቄ አሥራ ዘጠኝ ሲነበብ ወንበሯ ላይ ጭልጥ ብላለች።

ቡድኑ ግን በሥራ አይቀልድም።

«እንቀስቅሳት?»

«ተው እንጂ! በተጠያቂ ላይ ተጽዕኖ ማሳደር ይሆንብናል።»

«ታዲያ ቁጥር ሃያን ምን ልሙላው? ‹በቂ እንቅልፍ ያገኛሉ?› ነው የሚለው።»

አምስቱም ዞረው አዩዋት። ታንኮራፋለች።

«በዓይናችን ያየነውን ነዋ! ‹አዎ› በል።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ በሹክሹክታ አጣርተው፣ እንዳትነቃባቸው ተጠንቅቀው ወጡ። ውሳኔው ዓርብ ደረሳት፦ «አመልካቿ በቀን ሁለት ሰዓት እንደሚተኙ በመስክ ምልከታ ስለተረጋገጠ ድጋፍ አያስፈልጋቸውም። ቅሬታ ካላቸው ነቅተው ያመልክቱ።»

በሳምንቱ ጋሽ ፍሬን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ፊት ተጠራ።

«ከሥራ መደብዎ ውጭ ልጅ ይዘዋል።»

«ይዣለሁ።»

«ከዚያ ወዲህም በየቀኑ በምሳ ሰዓት እዚያ ቤት ሲገቡ ታይተዋል።»

«ገብቻለሁ። ዛሬም እገባለሁ።»

«ማን መደበዎት? ደግሞስ አምስት ባለሙያ ያልቻለውን ልጅ አያያዝ የት ተማሩት?»

ጋሽ ፍሬን የግድግዳውን ሰዓት አየ። ለስድስት አምስት ጉዳይ። ኮፍያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«እኮ ያብራሩ! በጽሑፍ፣ በሦስት ቅጂ!»

«አላብራራም።»