ለመመለስ ብቻ የሚበደሩት ጋሽ ሊካሳ

በዚህ ከተማ ሁለት ዓይነት ተበዳሪ አለ ይባላል፤ የሚከፍልና የማይከፍል። ሐሰት ነው። ሦስተኛም አለ፤ በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ ቢያንስ አንድ አይጠፋም። ይህ ሰው የሚበደረው ለመመለስ ብቻ ነው። ብሩ አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ ያስፈልገዋል፣ ግን አይነካውም። ይቀበላል፣ ቀን ይቆጥራል፣ ከነአገልግሎት ክፍያው ይመልሳል፣ ከዚያ ስልኩን ከፍቶ የብድር ጣሪያው በስንት ከፍ እንዳለለት ያያል። ከፍ ካለለት ያን ቀን ምሳ ባይበላም ግድ የለውም።

የእነዚህ ሰዎች አለቃ፣ የቂርቆሱ ሊቀ ተበዳሪያን፣ ክቡር ጋሽ ሊካሳ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው እኔ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ሱሪዎች የተሰቀሉበት ገመድና አንዲት በርጩማ አላት። በርጩማዋ ለደንበኛ የተዘጋጀች ብትሆንም በእረፍት ሰዓት የምቀመጥባት እኔ ነኝ። ስለዚህ የማወራላችሁ ነገር ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ያላየሁትን ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ከሚገባው በላይ ነግረውኛል።

ነገሩ የጀመረው በሥጋ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ስልካቸው ላይ መልእክት ገባ። እንኳን አደረሰዎ ካለ በኋላ ሦስት ሺህ ብር ተፈቅዶልዎታል፣ ለመቀበል አንድ ቁጥርን ይጫኑ ይላል። ጋሽ ሊካሳ በበዓል ቀን እንኳን አደረሰህ ብሎ የሚመጣ ሰው ስጦታ እንጂ ዕዳ ይዞ ይመጣል ብለው የሚጠረጥሩ ሰው አይደሉም። "ሃያ ዓመት ሙሉ የስልክ ካርድ ስሞላላቸው ኖሬ፣ አንድ ፋሲካ ቢያስቡልኝ ምን ይገርማል?" አሉና አንድን ተጫኑ። ብሩ ገባ። እዚያው ቀን ቄራ ወርደው ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገቡ። ባለቤታቸው እትዬ ማሚት የዚያን ሥጋ ነገር እስከ ዛሬ እያነሱ ያመሰግናሉ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን መልእክቶች አልከፈቷቸውም። ለዳግማ ትንሣኤና ለግንቦት ልደታ የተላከ መልካም ምኞት መስሏቸው ነበር። ነሐሴ ላይ የዩኒፎርም ጨርቅ መግዣ ለመበደር አንድ አበዳሪ ቤት ሲሄዱ ግን ስምዎ ተበላሽቷል ተባሉ። ለብዙ ቀን ከዚያ ንግግር መውጣት አልቻሉም። "በስልሳ ዓመቴ፣ የሰው ሚስት ሳልነካ፣ የሰው ድንበር ሳልገፋ፣ በሥጋ ስሜ ይጥፋ?" ይላሉ፤ መኪናውን ይረግጣሉ፣ ያቆማሉ፣ እንደገና ይሉታል።

ያን ዓመት አሥራ አራት ዓመት ሲሰፉት የኖሩት የትምህርት ቤታችን ዩኒፎርም ለአንድ ትልቅ ስፌት ቤት ተሰጠ። ጋሽ ሊካሳ ዕዳቸውን ከነቅጣቱ ከፈሉ። በምላሹ የስልኩ ብድር ይቅርታ አደረገላቸውና ጣሪያቸውን አስታወቃቸው፤ ሁለት መቶ ብር። ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ግድግዳ ላይ ይወረውረው ነበር። እሳቸው ሁለት መቶዋን ተበደሩ። ስምንት ቀን አስቀምጠው፣ ስድስት ብር የአገልግሎት ጨምረው መለሱ። "ስድስት ብር ለመታመን? ርካሽ ነው፣ መምህር!" አሉኝ። እውነትም እንደ ትልቅ ትርፍ ነበር የነገሩኝ።

በጋሽ ሊካሳ እምነት ካዛንቺስ ካሉት ፎቆች በአንዱ ውስጥ የሚመለከታቸው ሰው ተቀምጧል። ስሙን ስለማያውቁት "ሰውየው" ይሉታል። ሰውየው ሁሉን ያያል። ከቀኑ በፊት ስትከፍል ደስ ይለዋል፤ በቀኑ ስትከፍል ዝም ይላል፤ ካሳለፍክ ይቀየምሃል። የተፈቀደልህን በሙሉ መውሰድም አይወድም። "የሰጡህን ሁሉ ካፈስክ የተራብክ ይመስላቸዋል። ሲሶውን ውሰድና ተወው" ይላሉ። ሦስት ቦታ መጠየቅማ ጭራሽ አይታሰብም። ገቢ እንዳላቸው ሰውየው እንዲያይላቸው ደግሞ ደንበኛ ሁሉ በስልክ እንዲከፍል ያስገድዳሉ። አንዲት ቁልፍ አስተክዬ አሥር ብር በእጄ ብሰጣቸው "በስልክ አድርገው፣ ሰውየው ይይልኝ" ብለው መለሱልኝ።

አንድ ቀን ሰውየውን በአካል ሊያመሰግኑ ካዛንቺስ ሄዱ። ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር፤ እኔም ተከትዬ ሄድኩ። አያንቱ የምትባል ትሁት ሠራተኛ አስተናገደችን።

"አባባ፣ ሰው የለም እኮ። ማለቴ፣ ሲስተሙ ራሱ ነው የሚያሰላው። ኮምፒውተር ነው" አለቻቸው።

"ገባኝ፣ ልጄ። ኮምፒውተሩን ጠዋት መጥቶ የሚያበራው ማነው?"

አያንቱ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ጋሽ ሊካሳ መልስ እንዳገኘ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁና "ሊካሳ ልብስ ሰፊው ሰላም ብሎሃል በይልኝ" ብለው ወጡ።

የመክፈያቸው ቀን ሲደርስ ዓለም ቢገለበጥ አይሰሙም። የሰፈራችን ሰው ሞቶ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ድንገት ተነሥተው ወጡ። ሐዘኑ የጠናባቸው መስሎን ሁለት ሆነን ልንደግፋቸው ተከተልናቸው። ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ኔትወርክ ፍለጋ እስከ ስታዲየም አካባቢ በፍጥነት ሄዱ፤ እኛም አይዞዎት እያልን ከኋላ። ከፍለው ሲጨርሱ ፊታቸው በራ፣ ወደ ድንኳኑ ተመለሱና ከማንም የበለጠ አለቀሱ።

ከባዱ ፈተና የመጣው ግን ከቤት ነው። ጣሪያው አምስት ሺህ በደረሰ ጊዜ እትዬ ማሚት ስልኩ ውስጥ ብር አይተው የመብራት ከፈሉበት። ጋሽ ሊካሳ ይህን ሲሰሙ ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ከገመዱ ላይ ሁለት ዓመት ማንም ያልጠየቃቸውን ሦስት ሱሪዎች አወረዱ፣ ስታዲየም አጥር ሥር አንጥፈው ሸጡና የጎደለውን ሞሉ። በሳምንቱ የአንደኛው ሱሪ ባለቤት ከች አለ። አዲስ ሱሪ በነፃ ሰፉለት፤ ኪሱ ላይ ዚፕ ሳይቀር ጨመሩለት። ሰውየው፣ የካዛንቺሱ ማለቴ ነው፣ ምንም ሳያውቅ ቀረ።

አጠገባቸው ፀጉር ቤት ያለው ኢያቄም ይህን ሁሉ እያየ ይስቃል። "ጋሼ፣ ይቅርታና፣ ካልነኩት ለምን ይበደራሉ? በቃ፣ አንዴ ፈታ ይበሉበት!" ይላቸዋል። እኔም ከእሱ ጋር ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። አንዴማ አምስት መቶ ብር ቸግሮኝ ብጠይቃቸው፣ ስልካቸው ላይ ሁለት ሺህ እያየሁ "ይሄ የኔ አይደለም፣ የሐሙስ ነው" ብለው ከለከሉኝ። ተቀይሜ ሁለት ቀን በርጩማዋ ላይ አልተቀመጥኩም።

ባለፈው ሐምሌ ላይ ግን መሳቅ አቆምኩ። የሱቋ አከራይ ከመስከረም ጀምሮ ኪራይ ጨመረ። ጋሽ ሊካሳ የዩኒፎርሙን ሥራ ካላገኙ ሱቋን ዘግተው ቄራ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ በቁጥር እየተከፈላቸው ሊሰፉ ነው። አርባ ዓመት የራሳቸውን መኪና የረገጡ ሰው፣ በሰው መኪና። የኛ ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ፀሐይቱ ደግሞ የትልቁ ስፌት ቤት ሱሪዎች በየዓመቱ ኅዳር ሳይገባ ጉልበታቸው ላይ ስለሚቀደዱ ሥራውን ለጋሽ ሊካሳ ለመመለስ ፈቃደኛ ነበሩ። ውላቸው ግን አንድ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ የለም፣ ጨርቁን ሰፊው ይገዛል፣ ነሐሴ አሥራ አምስት ጨርቁ ተገዝቶ መታየት አለበት። ጨርቁ ስልሳ ሺህ ብር ነው።

ያ ሁሉ መበደርና መመለስ ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ሁለት መቶ፣ አምስት መቶ፣ ሺህ ሁለት መቶ፣ አምስት ሺህ እያሉ ወደዚህ ስልሳ ሺህ ነበር የሚወጡት። ነሐሴ ስምንት ቀን ጣሪያቸው አርባ አምስት ሺህ ደረሰ። ጭማሪ ጠየቁ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ለጊዜው አልተፈቀደም ይላል።

ጋሽ ሊካሳ መልእክቱን ለእኔ አስነበቡኝና መነጽራቸውን አወለቁ። ስለ ሰውየው ምንም አላሉም። "እንግዲህ ቄራም ሥራ ነው" አሉና ካውያቸውን ከሶኬት ነቀሉ። ቀኑ ገና አምስት ሰዓት ነበር።

እኔ ጀግና አይደለሁም፤ ለሰው ገንዘብ ማበደርም ያስፈራኛል። ግን የዚያን ቀን ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ከሰዓት የመምህራኑ ቁጠባና ብድር ማኅበር ገብቼ አሥራ አምስት ሺህ ብር ጠየቅኩ። ዋስ አምጣ ተባልኩ፤ ያውም ደመወዙ ከእኔ የሚበልጥ። በዚያ ክረምት ግቢው ውስጥ ደመወዛቸው ከእኔ የሚበልጥ ሰው አንዲት ብቻ ነበሩ።

ወይዘሮ ፀሐይቱ ቅጹን ተቀብለው አገላበጡት።

"ለምን ጉዳይ ነው፣ መምህር ታዲዎስ?"

"ለጨርቅ ነው።"

"ሙሉ ልብስ ልታሰፋ ነው?"

"ብዙ ሱሪ ነው የማሰፋው፣ እትዬ። ሰማያዊ።"

ከመነጽራቸው በላይ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ፈረሙ። "እኔ ቅድሚያ ክፍያ አልሰጥም። ይህን ለሰው ሁሉ እንድትነግርልኝ እፈልጋለሁ" አሉ። እነሆ ነግሬያለሁ።

የገንዘቡን ነገር ለጋሽ ሊካሳ ስነግራቸው የሚያቅፉኝ መስሎኝ ነበር። ተቆጡ።

"መቼ ነው የምመልሰው?"

"ግድ የለም ጋሼ፣ ሲመችዎት።"

"ሲመችህ የሚባል ቀን አለ? ቀን የሌለው ብድር አልበደርም። ቀን ቁረጥልኝ!"

"እሺ፣ መስከረም ሃያ።"

"የአገልግሎቱስ?"

"የለም።"

"ቅጣቱስ?"

"ጋሽ ሊካሳ፣ በቃ ይውሰዱት!"

ቅር እያላቸው ወሰዱት። በማግስቱ ከስልኩ አርባ አምስት ሺህ ጋር ደምረው ከመርካቶ ሰማያዊውን ጨርቅ አስጭነው መጡ፤ ከዚያ በኋላ የሱቋ መብራትና የመኪናው ድምፅ አልተቋረጠም። እትዬ ማሚት ቁልፍ ተከሉ፤ ኢያቄም ሳይቀር ደንበኛ ሲጠፋ ክር ይቆርጥ ነበር። መስከረም ሲገባ ወይዘሮ ፀሐይቱ ሥራውን ተረክበው ከፈሉ፤ ልጆቹን በሰማያዊ ሱሪያቸው ተሰልፈው ሳይ ጉልበታቸውን እየቆጠርኩ የትምህርት ቤቱን ደወል አልሰማሁትም።

መስከረም አሥራ ሰባት ቀን በእረፍት ሰዓት ጋሽ ሊካሳ መንገዱን ተሻግረው መጡ። ካዛንቺስ የሄዱበትን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። እፊቴ ቆመው ስልካቸውን ነካኩ፤ የእኔ ስልክ ጮኸ። አሥራ አምስት ሺህ ብር።

"ገባ?"

"ገባ፣ ጋሼ።"

"ሦስት ቀን ቀድሞ" አሉ፤ እንዳይረሳብኝ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ታወቀኝ። በሕይወቴ አበድሬ የተኛሁበት ቀን የለም፤ ለወንድሜ ሁለት ሺህ ሰጥቼ እንኳ ስገላበጥ ነው የማድረው። ለእኚህ ሰው የሰጠሁትን ግን አንድ ቀን አላሰብኩትም። በዚህ ከተማ ውስጥ እንዲህ የማምነው ሌላ ሰው ብፈልግ አጣሁ። ጋሽ ሊካሳን እወዳቸዋለሁ፤ ስስቅባቸው ኖሬ ሳላውቀው ነው የወደድኳቸው።

ልነግራቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። ኮታቸውን አስተካከሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"መምህር፣ እንግዲህ አከፋፈሌን አይተኸዋል። መጋቢት ላይ ጭማሪ እጠይቅሃለሁ።"

አልቀለዱም። እኔም አልሳቅኩም። ከዚያ ወር ጀምሮ ከደመወዜ ላይ ትንሽ ትንሽ እያነሣሁ አስቀምጣለሁ፤ መጋቢት ሲመጣ ለጊዜው አልተፈቀደም ማለት አልፈልግም።