እስከ ገጽ አሥራ ሁለት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ መጻሕፍት ተከራይተው ሲያነቡኝ አደሩ።

ነገሩ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበትና የሚከራይበት የእግረኛ መንገድ ላይ። እንደ ሁሌው ላስቲክ ተነጥፏል። ላስቲኩ ላይ የተደረደርነው ግን ሰዎች ነበርን። እኔ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንዲት ትራፊክ ፖሊስ መካከል በጀርባዬ ተኝቻለሁ። መጻሕፍቱ በእግራቸው እየመጡ ጎንበስ ብለው ይገልጡናል፣ ያሸቱናል፣ መልሰው ያስቀምጡናል። አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ልብስ ሰፊውን አነሣና «ይኼ ቀጭን ነው፤ ባንድ ቀን ያልቃል» ብሎ ተወው። ልብስ ሰፊው ቅር አለው።

ከአከራዩ ጎን አንዲት ሃምሳ ሉክ ደብተር ቆሎ ትሸጥ ነበር። በእኛ አገር ማንም የማያነበው ወረቀት መጨረሻው ቆሎ መጠቅለያ መሆኑን ታውቃላችሁ። እዚያ ደግሞ የሚጠቀለልበት ማንም ያልጨረሰው ሰው ነበር። አንድ የማውቀው የትምህርት ቤት ዘበኛ እንደ ቀንድ ተጠቅልሎ ሽምብራ ተሞልቶበት አየሁት።

«ደህና ነህ ወይ?» አልኩት።

«ደህና ነኝ። ጨው ትንሽ በዝቶበታል» አለኝ።

ይኼን እያየሁ ሳለ ባለፈው ወር ያነበብኳቸው ሦስት የሳይንስ ልብ ወለዶች መጡ። አነበብኳቸው እላለሁ እንጂ... እውነቱን ልናገርና፣ በከተማችን የንባብ ክበብ ውስጥ የሳይንስ ልብ ወለድ ሊቅ የምባለው እኔ ነኝ። በየወሩ ተነሥቼ አስተያየት እሰጣለሁ። የማነበው ግን ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ገጽ ገደማ ነው። ከዚያ እንቅልፌ ይመጣል። ከሦስቱ አንደኛዋ፣ ቀይዋ፣ ማርስ ላይ ስለተሠራ ኮንዶሚኒየም ናት። ስለ እሷ «ቋንቋዋ ማራኪ ነው» ብዬ ነበር፤ ቋንቋዋ ማራኪ ነው ማለት አላነበብኳትም ማለት ነው። ሁለተኛው በጊዜ ተሻጋሪ መኪና ወደ ኋላ ተመልሶ የማትሪክ ውጤቱን ሊያስተካክል ስለተነሣ ሰውዬ ነው። ይኼን ከልቤ ወድጄዋለሁ፤ ሰውዬው ገና መኪናው ውስጥ ሳይገባ ተውኩት እንጂ። ሦስተኛው ቀበሌ ስለተቀጠረ ሮቦት ነው። ሮቦቱ ከምሳ በኋላም ቢሮው ውስጥ ስለተገኘ ባለጉዳዮቹ ደንግጠው ሸሹ። እዚህ ላይ በጣም ሣቅኩና መጽሐፉን ደፋ አድርጌ አስቀመጥኩት። እስከ ዛሬ እንደተደፋ ነው።

ሦስቱ ተጋርተው ተከራዩኝ። ወዲያው የንባብ ክበቡ አዳራሽ ደረስን። ወንበሮቹን ሁሉ መጻሕፍት ይዘዋቸዋል። እኔን ጠረጴዛ ላይ አጋደሙኝ። ሰብሳቢው የቆዳ ሽፋኑ የተላላጠ ሽማግሌ መጽሐፍ ነበር።

«እስከ ስንት አነበብሽው?» ሲል ቀይዋን ጠየቃት።

«እስከ አሥራ ሁለት።»

«ታዲያስ?»

«ቋንቋው ማራኪ ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ቀጥሎ ባለ ጊዜ መኪናው ተነሣ። «አጀማመሩ ልብ ይሰቅላል» አለ። «በልጅነቱ ጎበዝ ተማሪ ነበር። ከዚያ ታሪኩ ቆመ። ገጸ ባሕርዩ አርባ ዓመት ሞልቶት ገና ሊጀምር ነው።» ይኼ አመመኝ። ሮቦቱ ተራው ሲደርስ እኔን ደረቱ ላይ እንደገለጠ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር።

«እስከ መጨረሻው ያነበበው ከሌለ ለቆሎዋ ይሰጥ» አለ ሰብሳቢው። ደብተሪቱ ገና ሳይጨርስ ደረሰች። ጣት ነበራት፤ እንዴት እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ። ጣቷን በምራቋ አርሳ ጠርዜን ትፈልግ ጀመር።

ይኼን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ያልተጠረዘ፣ በሲባጎ የታሰረ የወረቀት ጥቅል ተነሣ። ወዲያው ለየሁት። የጋሽ ልሳነወርቅ ረቂቅ ነው። ጋሽ ልሳነወርቅ አሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ንብ እያረቡ አንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ሲጽፉ ቆይተው ከሁለት ወር በፊት ቅጂውን ሰጡኝ። «ሌላ ሰው አላስነብብም። ይሆናል ካልከኝ አሳትመዋለሁ፤ አይሆንም ካልከኝ ከንቦቼ ጋር እቀመጣለሁ። ብቻ እውነቱን ንገረኝ» ነበር ያሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ አሥራ ሁለት ገጽ አነበብኩና ከትናንት በስቲያ አስተያየቴን ጽፌ ላክሁላቸው። ዛሬ ማተሚያ ቤት ሊወስዱት ነው።

«እኔ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ» አለ ጥቅሉ በትሕትና። «መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይንገረኝ። አሥራ ሦስተኛው ገጼ ላይ ምን አለ?»

«ሮኬት?» አልኩ።

«አይደለም።»

«ፍቅር?»

«አይደለም።»

«ብቻ... ቋንቋው ማራኪ የሆነ ነገር።»

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ጥቅሉ አልሣቀም፣ አልተቆጣምም። ሲባጎውን ጠበቅ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ደብተሪቱ ከእግሬ ጀምራ ጠቀለለችኝ፤ የመጀመሪያው ጭብጥ ሽምብራ በአፌ ሲገባ ነቃሁ።

ነግቷል። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ወሰንኩ፤ ማተሚያ ቤት ሳይደርሱ ደውዬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ስልኬን ሳነሣ እሳቸው ቀድመው ደወሉ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? እኔም ልደውልልዎት ነበር። አንድ የምናዘዘው ነገር...»

«ቆይ አስማማው፣ እኔ ልቅደም። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉኝ። «ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ወረቀቴን ቀላቅለውት ኖሯል። ዛሬ ማለዳ ሳገላብጥ ያንተ ቅጂ ከገጽ አሥራ ሦስት ጀምሮ ያለው ሁሉ እኔው ጋ ተቀምጧል። በሱ ፈንታ ላንተ የደረሰህ ድሮ ያወጣሁት የፊዚክስ ፈተና ነው።»

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ የላክሁላቸውን አስተያየት ቀስ እያሉ ያነቡልኝ ጀመር።

«‹አንዴ ከጀመርኩት ማስቀመጥ አልቻልኩም። መጨረሻው ላይ ስደርስማ እንባዬ መጣ› ይላል።»

«ጋሼ...»

«የትኛው ጥያቄ ነው ልጄ ያስለቀሰህ?»