ክቡር ቱንቢ እና የአባቴ ሞተር የኋላ ጎማ

ድልድይ ቢደረመስ፣ ገበያ ቢቃጠል፣ ውሃ ለወር ቢጠፋ፣ ከየሰፈሩ የማይጠፋ አንድ ሰው አለ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነገር ሁሉ መጥመሙን የሚያውጅ።

የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር ቱንቢ ናቸው። ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው። ማዕረጉ የወጣላቸው ከኪሳቸው በማትጠፋው፣ ክር ላይ ተንጠልጥላ የግድግዳን ቀጥ ማለት በምትለካው ብረት ነው። ጡረታ የወጡት ደግሞ ከመገንባት ነው እንጂ ከመለካት አይደለም። ሰው ቤት ሲገቡ እንዴት አደራችሁ ከማለታቸው በፊት ግራ ዓይናቸው ይጨፈናል፤ አገጫቸው ቀና ይላል፤ ከዚያ ፍርዱ ይወርዳል።

«ጠሟል።»

የፀጉር አስተካካዩ መስታወት ጠሟል። የዳቦ ቤቱ መደርደሪያ ጠሟል። ለቅሶ ቤት ገብተው የሟቹን ፎቶግራፍ ሲያቃኑ አልቃሾቹ እንባቸውን ይዘው ጠብቀዋቸዋል። እህቴ እጮኛዋን ያስተዋወቀች ቀን ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩትና ያችኑ ቃል ተናገሩ። እኛ ስለ ከረባቱ ነው ብለን እህቴን አጽናናናት። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ አላብራሩም።

እኔማ ሃያ ዓመት ሙሉ በልቤ በራሪ ወረቀት ስጽፍባቸው ኖሬአለሁ። «ወገኖች ሆይ፣ እስከ መቼ በአንድ ዓይን እንገዛለን?» ብሎ የሚጀምር አለኝ፤ ማተሚያ ቤት ብቻ ነው የጎደለው። ሰው አጥሩን አጥሮ ሲጨርስ በደስታ ፈንታ በፍርሃት መንገዱን የሚያይበት ሰፈር የት አለ?

ከዕለታት አንድ ቀን ግን የልባቸውን የሚያደርስ ነገር አገኙ፤ የአባቴን ሞተር ሳይክል።

ሞተሯ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ስድስት ዓመት ሸራ ለብሳ ጓሮ ተኝታ ነበር። ባለፈው ወር መካኒኩ ጋ ወስጄ ነፍስ ዘራንባት። ነገር ግን መንገድ ላይ ስትወጣ ወደ ግራ ትስባለች፤ እንደ ሸርጣን ነው የምትሄደው። መካኒኩ የኋላ ጎማዋን አየ። ጎማው የሚስተካከልበት ምልክት በግራም በቀኝም እኩል ቁጥር ላይ መሆኑን አሳየኝና እርጅና ነው ብሎ አሰናበተኝ።

እናቴ ደግሞ ቃሏን ሰጥታለች። ድሮ ከአባቴ ኋላ ተቀምጣ እስከ ወንዙ ድልድይ ትሄድ ነበር። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ደግማ መሄድ ትፈልጋለች። «ቀጥ ብላ ከሄደች እቀመጥባታለሁ» አለችኝ። «ካልሄደች ግን ቅዳሜ ቆራሌው ሲመጣ ይውሰዳት። በሰባ ዓመቴ ቦይ ውስጥ አልወድቅም፤ ጓሮ ተኝታ ሳያትም ልቤ አይችልም።»

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ የአባቴን የራስ ቁር አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች። ክቡር ቱንቢ ሳይጠሩ ደረሱ። ግራ ዓይን ተጨፈነ።

«ጠሟል» አሉ።

ምልክቱ እኩል ነው ብዬ ተከራከርኩ። ምልክቱን የቀረጸው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። «እኔም አላውቀውም» አሉና ከኪሳቸው ሲባጎ አወጡ።

ጉድ ነው እንግዲህ! ሞተሯን በግራና በቀኝ ጡብ ደግፈው ቀጥ አድርገው አቆሟት። ሲባጎውን ከኋላ ጎማው ጀርባ አዙረው፣ በሁለቱም ጎን ወጥረው እስከ ፊት ጎማው ሳቡት። የፊተኛው ጎማ ቀጭን ስለሆነ በሲባጎውና በጎማው መሃል በሁለቱም በኩል እኩል ክፍተት መኖር አለበት። በግራ አራት ጣት ገባ፤ በቀኝ ሁለት። ሰፈሩ ተሰብስቦ ጣት ይቆጥራል። ለካ መካኒኩ ሞኝ ነው! የጎማውን ማሰሪያ ዳዶ ፈታን፣ በሁለቱም በኩል ሦስት ሦስት ጣት እስኪሆን ጎማውን ገፋ አደረግን፣ አሠርን። ተነሣሁ።

ሞተሯ እኔንም ሲባጎውንም ንቃ ቀጥታ የፀጉር አስተካካዩ ማስታወቂያ ውስጥ ገባች።

ፀጉር አስተካካዩ አልተቆጣም። በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ማስታወቂያውን አነሣና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ጋሼ፣ ምነው ጠመመ?» አለ። የዳቦ ቤቱ ሴትዮ ሳቋ መንገዱን ተሻገረ። ይህን ቀን ሁሉም ሲጠብቀው ኖሯል። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ነበርኩበት።

ክቡር ቱንቢ እንደገና ለኩ። ሲባጎው ያው ሦስት ሦስት አላቸው። ሲባጎውን ፈትተው ሦስተኛ ለኩ፤ ያው ነው። የቆራሌው ጋሪ መንገዱ ራስ ላይ ብቅ አለ። እናቴ አየችውና የራስ ቁሯን ማሰሪያ ቀስ ብላ ፈታች።

ያኔ ነው ጎንበስ ያልኩት። ያኔ ነው ያየሁት። ሞተሯ ጋደል ብላ የምትቆምበት የጎን እግር አልተሰበሰበም። ስነዳ በልማድ አጥፌው፣ ሳቆማት በልማድ ዘርግቼው ነበር፤ ጡብ ላይ ስላቆሟት ማንም አላስታወሰውም። ሲባጎው በግራ በኩል ጎማውን ሳይሆን ያንን ብረት ተደግፎ ነው የሚሄደው። ሃያ ዓመት የሰፈሩን ጥፋት የለኩት ሰው ሲባጎ ራሱ ታጥፎ!

አፌ ውስጥ በራሪ ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ርእሱ ሳይቀር። ቀና ስል ፊታቸውን አየሁ። ሁለት ዓይናቸውም ተገልጧል። ሁለቱም ተገልጠው ያየሁት ገና ያን ቀን ነው፤ ያረጁ፣ የፈሩ ዓይኖች ናቸው።

የጎን እግሩን በጫማዬ ጫፍ ገፋ አድርጌ ሰበሰብኩት።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ እንለካ» አልኳቸው።

ሲባጎው ተወጠረ። በግራ ምንም፣ በቀኝ ሦስት ጣት። ጠሟል ማለታቸው ልክ ነበር፤ የሳቱት ጎኑን ነው። የብረቱን እግር አዩ፤ ጫማዬን አዩ። ጎንበስ ብለው ዳዶውን ሲፈቱ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አለካኬ ጠሞ ነበር» አሉኝ።

«ሲባጎው ነው እንጂ ጋሼ፤ እርጥብ ነበር።»

እንዲህ ያለ ነጭ ውሸት ከእኔ አፍ ይወጣል ብሎ የሚያምን ጎረቤት የለኝም። እሳቸውም አላመኑኝም። ጎማውን ወደ ኋላ መለሱት፣ ለኩ፣ ትንሽ ገፉ፣ ለኩ። በግራ አንድ ጣት ተኩል፤ በቀኝ አንድ ጣት ተኩል። ጎማውን የሚያዞረው ካቴና አለመላላቱን በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው አዩና ዳዶውን ጠበቅ አደረጉ።

ብቻዬን እስከ ዳቦ ቤቱ ሄጄ ተመለስኩ። መሪውን ለቀቅ ሳደርገው እንኳ ወዴትም አትልም፤ እንደ ተሰመረ መስመር! ቆራሌው ቆሞ አየን፤ ሳቀና ጋሪውን እየገፋ አለፈ። እናቴ የራስ ቁሯን መልሳ አሠረች። ከኋላዬ ወጣች፣ ወገቤን ያዘች፣ «በል ሳይመሽብን» አለች፤ ገና ረፋድ ነው።

ሞተሯ ጮኸች፤ ተነሣን። ክቡር ቱንቢ መሃል መንገድ ላይ ቆመው፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሸኙን በመስታወቱ አያቸዋለሁ። ሃያ እርምጃ እንኳ ሳንርቅ ድምፃቸው ደረሰብን።

«ጠሟል!»

እናቴ ደነገጠች፤ እኔም ፍሬን ያዝኩ።

«ሞተሯን አላልኩም» አሉ። «አንተን ነው። ቀኝ ትከሻህ ወርዷል፤ እናትህን ይዘህ እንዲህ አይነዳም።»

ትከሻዬን አቃናሁ። እስከ ድልድዩ ድረስ፣ ዞር ብዬ ባያቸው ትከሻዬ እንደገና እንዳይጠም እየተጠነቀቅኩ፣ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።